የሦስተኛ ፓርቲ ዕጩዎችና የድምፅ መከፋፈል በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች ውጭ የሚወዳደሩ ዕጩዎች ጠፍተው አያውቁም፤ ውጤቱ የተቀራረበ በሆነ ቁጥርም የተሸነፈው ወገን «ድምፃችንን የከፋፈሉብን እነሱ ናቸው» ማለቱ አይቀርም። ክሱ አንዳንዴ እውነትነት አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይሰላ የሚወረወር ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት በአሜሪካ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መራጮችና ምርጫውን ከሩቅ የሚከታተሉ አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የድምፅ መከፋፈል ሲባል ምን ማለት ነው?

በአመለካከት የሚቀራረቡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዕጩዎች የአንድን ወገን መራጮች ሲሻሙ፣ ከእነርሱ የራቀ አቋም ያለው ሌላ ዕጩ ከግማሽ ባነሰ ድምፅ አልፎ ሲያሸንፍ ድምፅ ተከፋፈለ ይባላል። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ጥርት ያለው ምሳሌ የ1912 ምርጫ ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሳቸው ለሥልጣን ካበቋቸው ከፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ጋር ተቀያይመው የሪፐብሊካን ፓርቲን ዕጩነት ለማግኘት ሞከሩ፤ አልሆን ሲላቸው ፕሮግሬሲቭ የተባለ አዲስ ፓርቲ ይዘው ለብቻቸው ወጡ። ሩዝቬልት 27.4 በመቶ፣ ታፍት ደግሞ 23.2 በመቶ አገኙ። የሁለቱ ድምር ከግማሽ በላይ ቢሆንም፣ የዴሞክራት ፓርቲው ውድሮው ዊልሰን በ41.8 በመቶ ድምፅ ብቻ ከ531 ወኪል መራጮች (በየግዛቱ ውጤት መሠረት ፕሬዚዳንቱን በይፋ ከሚመርጡት ተወካዮች) 435ቱን ጠቅልለው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ታፍት ያሸነፉት ዩታንና ቬርሞንትን ብቻ ነበር።

በዚህ ምሳሌ እንኳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሩዝቬልት ባይወዳደሩ ኖሮ መራጮቻቸው በሙሉ ወደ ታፍት ይሄዱ ነበር ማለት አይቻልም፤ ከእነርሱ መካከል ሩዝቬልትን የተከተሉት በትክክል ታፍትን ስላልፈለጉ የሆኑ ብዙዎች ነበሩና።

ጉዳዩ በአሜሪካ ይህን ያህል የከበደው ለምንድን ነው?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በአገር አቀፍ የድምፅ ድምር አይመረጥም። 538 ወኪል መራጮች ለሃምሳው ግዛቶችና ለዋሽንግተን ዲሲ የተደለደሉ ሲሆን፣ ለማሸነፍ 270ውን ማግኘት ያስፈልጋል። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በየትኛውም ግዛት በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ዕጩ የግዛቱን ወኪል መራጮች በሙሉ ይወስዳል። ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም፣ ሁለተኛ ዙርም የለም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይመለሳል።

በዚህ ምክንያት ድጋፍ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደተሰበሰበም ወሳኝ ይሆናል። በ1992 የቴክሳሱ ባለሀብት ሮስ ፔሮ ከመላ አገሪቱ 18.9 በመቶ ድምፅ አግኝተው አንድም ወኪል መራጭ አላገኙም፤ ደጋፊዎቻቸው በየግዛቱ ተበትነው ስለነበር የትም አንደኛ አልወጡም። ከእርሳቸው 24 ዓመት ቀደም ብለው የተወዳደሩት የዘር መለያየት ፖሊሲ አቀንቃኙ ጆርጅ ዋላስ ግን በ13.5 በመቶ ድምፅ 46 ወኪል መራጮችን አግኝተዋል፤ ድጋፋቸው በደቡብ ስለተከማቸ አምስት ግዛቶችን ማሸነፍ ችለዋልና።

ፈረንሳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ሞሪስ ዱቬርዤ እንዳስረዱት፣ በአንድ ዙርና በተራ አብላጫ ድምፅ የሚወሰን ምርጫ እያደር ወደ ሁለት ፓርቲ ሥርዓት ያጋድላል፤ መራጩ ድምፁ ሜዳ ላይ እንዳይቀርበት በመስጋት የልቡን ዕጩ ትቶ ሊያሸንፉ ከሚችሉት ሁለቱ የተሻለውን ይይዛልና። የትናንሽ ፓርቲዎች ችግር እንግዲህ የዕጩዎቻቸው ድክመት ብቻ አይደለም። ሕጉ ራሱ ደጋፊዎቻቸውን ከእነርሱ ያሸሻል።

አንድ ዕጩ በእርግጥ ውጤቱን ቀይሯል የሚባለው መቼ ነው?

በአንድ ግዛት የሦስተኛው ዕጩ ድምፅ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ካለው ልዩነት መብለጡ ብቻ በቂ ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ይታያል። በቂ አይደለም። ዕጩው ባይኖር ኖሮ መራጮቹ ምን ያደርጉ ነበር የሚለው መመለስ አለበት፤ ከፊሎቹ ወደ አንዱ፣ ከፊሎቹ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ ጥቂት የማይባሉትም ከቤታቸው አይወጡም። ስለዚህ የሚቆጠረው አንዱ ትልቅ ዕጩ ከሌላው አብልጦ ሊያገኝ ይችል የነበረው የተጣራ ትርፍ ነው። ይህም ከታወቀ በኋላ የዚያ ግዛት ውጤት ቢገለበጥ አሸናፊው ከ270 በታች ይወርድ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሦስቱም ተሟልተው የሚገኙባቸው ምርጫዎች እጅግ ጥቂት ናቸው።

በ2000 አል ጎርን ያሸነፏቸው ራልፍ ኔደር ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

ከላይ ያለው ፈተና ከሞላ ጎደል የተሟላበት ምርጫ ይህ ነው። በፍሎሪዳ የሪፐብሊካን ፓርቲው ጆርጅ ቡሽ 2,912,790፣ የዴሞክራት ፓርቲው አል ጎር 2,912,253 ድምፅ አገኙ፤ ልዩነቱ 537 ብቻ ነበር። የአረንጓዴ ፓርቲው ራልፍ ኔደር በዚያው ግዛት 97,488 ድምፅ አግኝተዋል። ከኔደር መራጮች የተጣራው ትርፍ ከመቶ አንድ እጅ በጥቂቱ ከግማሽ በላይ ቢሆን እንኳ ጎር ፍሎሪዳን፣ ከፍሎሪዳ ጋርም 25 ወኪል መራጮችንና ፕሬዚዳንትነቱን ያገኙ ነበር። ከፍሎሪዳ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች በመነሳት የተሠራ ጥናት ደግሞ የኔደር መራጮች ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ቢገደዱ ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት ጎርን፣ 40 በመቶ ያህሉ ቡሽን ይመርጡ እንደነበር አሳይቷል። ኔደር የጎርን ድምፅ ብቻ ወሰዱ የሚለው አባባል ስሕተት መሆኑን ይህ ያረጋግጣል፤ ሆኖም የቀረው የሃያ በመቶ ልዩነት በአሥራ ዘጠኝ ሺህ የሚቆጠር ድምፅ ስለሆነ 537ን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኒው ሃምፕሻየር ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ቡሽ በዚያ ያሸነፉት በ7,211 ድምፅ ሲሆን ኔደር 22,198 አግኝተዋል። ጎር የዚህችን ትንሽ ግዛት አራት ወኪል መራጮች ቢያገኙ ፍሎሪዳ አታስፈልጋቸውም ነበር። እዚህ ግን ስሌቱ ከበድ ይላል፤ ከኔደር መራጮች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የተጣራ ትርፍ ሆኖ ወደ ጎር መሄድ ነበረበት፤ ይህ ይሆን ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል።

በፍሎሪዳ ላይ የሚቀርበው ክስ በቁጥር ደረጃ ትክክል ነው። ጥፋቱን በኔደር መራጮች ላይ ብቻ መጫን ግን ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። የሶሻሊስት ፓርቲው ዕጩ በፍሎሪዳ ያገኙት 622 ድምፅም ከ537 ይበልጣል፤ በድምፅ መስጫው ላይ የነበሩት ሌሎች ትናንሽ ዕጩዎችም እያንዳንዳቸው ከዚያ በላይ አግኝተዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲጠብ የማንኛውም ትንሽ ቡድን ውሳኔ ወሳኝ ይሆናል፤ ቡሽን የመረጡት በርካታ የዴሞክራት ፓርቲ አባላትም በዚሁ ሚዛን ሊጠየቁ ይገባ ነበር። በመላ አገሪቱ ጎር ከቡሽ በግማሽ ሚሊዮን ድምፅ በልጠው መሸነፋቸውም ከኔደር ጋር የሚያያዝ ጉዳይ አይደለም። እርሱ የወኪል መራጮች ሥርዓት ውጤት ነው።

በፓልም ቢች የተፈጠረው ነገርስ የድምፅ መከፋፈል ነበር?

አልነበረም፤ ነገር ግን ከኔደር ጉዳይ ጋር እየተቀላቀለ ስለሚወራ መለየት ያስፈልጋል። በፍሎሪዳዋ ፓልም ቢች አውራጃ የዕጩዎች ስም በግራና በቀኝ ገጽ ትይዩ ታትሞ የሚበሱት ቀዳዳዎች በመካከል በአንድ መስመር ተደርድረው ነበር። በግራው ገጽ ቡሽ አንደኛ፣ ጎር ሁለተኛ ተጽፈዋል። ሁለተኛው ቀዳዳ ግን በቀኝ ገጽ ከላይ የሰፈሩት የሪፎርም ፓርቲው ፓትሪክ ቡካናን ነበር፤ የጎር ቀዳዳ ሦስተኛው ነው። ስሙ ሁለተኛ ስለሆነ ሁለተኛውን ቀዳዳ የበሳ መራጭ ሳያውቅ ቡካናንን መረጠ ማለት ነው። ወግ አጥባቂው ቡካናን ዴሞክራቶች በሚያይሉበት በዚያ አውራጃ 3,407 ድምፅ አገኙ፤ ይህ ከተቀሩት የፍሎሪዳ አውራጃዎች ጋር ሲነጻጸር ፍጹም ያልተለመደ ቁጥር ነበር። ድምፅ መከፋፈል አውቆና ፈቅዶ ሌላ ዕጩ መምረጥን ይመለከታል። በፓልም ቢች የጎደለው ግን መራጩ ፈቃዱን በትክክል የሚገልጽበት ወረቀት ነበር፤ በእኔ እምነት ይህ ከማንኛውም የድምፅ መከፋፈል የከፋ በደል ነው።

በ2016 ጂል ስታይን ለሂላሪ ክሊንተን መሸነፍ ምክንያት ሆነዋል?

በዚህ ላይ የሚነገረው ከሚቆጠረው እጅግ ይርቃል። ዶናልድ ትራምፕ ሚሺጋንን በ10,704፣ ዊስኮንሲንን በ22,748፣ ፔንሲልቬኒያን በ44,292 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። የአረንጓዴ ፓርቲዋ ስታይን በቅደም ተከተል 51,463፣ 31,072 እና 49,941 ድምፅ አገኙ። በሦስቱም ግዛቶች የስታይን ድምፅ ከልዩነቱ ይበልጣል፤ ክሱ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ትራምፕ ያሸነፉት 306 ወኪል መራጮችን ነው። ሚሺጋን 16፣ ፔንሲልቬኒያ 20 ስለነበራቸው ሁለቱን ቢያጡ እንኳ በትክክል 270 ይቀራቸው ነበር። ክሊንተን ለማሸነፍ ሦስቱም ግዛቶች ባንድነት ያስፈልጓቸው ነበር ማለት ነው። በሚሺጋን ከስታይን መራጮች አንድ አምስተኛ ያህል የተጣራ ትርፍ ይበቃ ነበር። በዊስኮንሲን 73 በመቶ፣ በፔንሲልቬኒያ ደግሞ 89 በመቶ ያህል ያስፈልግ ነበር። ሁለቱንም ትላልቅ ፓርቲዎች የተጸየፉ፣ ከፊሎቹም ጨርሶ ድምፅ ባይሰጡ የሚሻላቸው ሰዎች ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ እጅ ወደ አንድ ወገን ይጎርፉ ነበር ብሎ መገመት ይቸግራል። በዚያ ላይ የሊበርታሪያኑ ጋሪ ጆንሰን በሦስቱም ግዛቶች ከስታይን በብዙ የበለጠ ድምፅ ወስደዋል፤ የእርሳቸው መራጮች ወዴት ያዘነብሉ እንደነበር ደግሞ ይበልጥ አከራካሪ ነው። ስታይንን ከስሌቱ አውጥቶ ጆንሰንን ባሉበት መተው የሚፈለገውን መልስ አስቀድሞ ይዞ መነሳት ነው።

ሮስ ፔሮስ ለቢል ክሊንተን መንገድ ከፍተዋል?

ይህ በሪፐብሊካን ወገን እስከ ዛሬ የሚነገር ክስ ነው። ክሊንተን በ43 በመቶ ድምፅ ስላሸነፉ፣ ፔሮ ባይኖሩ ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ሁለተኛ ዘመን ያገኙ ነበር ይባላል። በምርጫው ዕለት ከምርጫ ጣቢያ ለሚወጡ መራጮች የቀረበው መጠይቅ ግን የፔሮ መራጮች ሁለተኛ ምርጫ በቡሽና በክሊንተን መካከል እኩል ለእኩል የተከፈለ መሆኑን አሳይቷል። ከየትኛው ወገን እንደመጡ ለመገመት ሜይንንና ዩታን ማየት ይጠቅማል፤ በሜይን ፔሮ ቡሽን በልጠው፣ በዩታ ደግሞ ክሊንተንን በልጠው ሁለተኛ ወጥተዋል። ከሁለቱም ጎራ ወስደዋል ማለት ነው። ፔሮ የምርጫውን አጀንዳ እንደቀየሩ ግን አይካድም፤ የመንግሥት በጀት ጉድለት የዘመቻው ዋና መከራከሪያ የሆነው በአብዛኛው በእርሳቸው ምክንያት ነው።

አብርሃም ሊንከን ያሸነፉት ተቃዋሚዎቻቸው ስለተከፋፈሉ ነው?

በ1860 ሊንከን ያገኙት 39.8 በመቶ ነበር፤ ቀሪው ለሦስት ዕጩዎች ተከፋፍሏል። ይሁንና የሦስቱ ድምፅ በየግዛቱ ለአንድ ዕጩ ቢደመርም ሊንከን ከግማሽ በላይ ያሸነፉባቸው የሰሜን ግዛቶች ብቻቸውን ለፕሬዚዳንትነት ያበቋቸው ነበር። ዝቅተኛ መቶኛ ሁልጊዜ የድምፅ መከፋፈል ምልክት አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

270 ያገኘ ዕጩ ከሌለ ምን ይሆናል?

በሕገ መንግሥቱ አሥራ ሁለተኛ ማሻሻያ መሠረት ብዙ ወኪል መራጮች ካገኙት ሦስት ዕጩዎች መካከል የተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል። በዚህ ጊዜ የምክር ቤት አባላት አንድ አንድ ድምፅ አይኖራቸውም፤ እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ይኖረዋል፤ ለማሸነፍም 26 ግዛቶች ያስፈልጋሉ። ካሊፎርኒያና ዋዮሚንግ እኩል ይሆናሉ፣ ዲሲ ድምፅ አይኖራትም። ምክትል ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ነው። በ1824 አንድሩ ጃክሰን 99 ወኪል መራጮችን ይዘው ቀዳሚ ቢሆኑም ከግማሽ በታች ስለነበሩ ምክር ቤቱ በ84 ሁለተኛ የወጡትን ጆን ክዊንሲ አዳምስን ሾመ። ጠንካራ ሦስተኛ ዕጩ ግዛቶችን ማሸነፍ ከቻለ ሊያስከትል የሚችለው ከፍተኛው ለውጥ ይህ ነው፤ ዋላስም በ1968 ያለሙት ሁለቱን ትላልቅ ዕጩዎች ከግማሽ በታች አስቀርተው ለመደራደር ነበር።

የማያሸንፉ ከሆነ ለምን ይወዳደራሉ?

ሕጉ ተግባራዊ ምክንያት ይሰጣቸዋል። በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አምስት በመቶ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ በሚቀጥለው ምርጫ ከፌዴራል መንግሥት የዘመቻ ገንዘብ የማግኘት መብት አለው፤ ኔደር በ2000 ያለሙት ይህን ነበር፣ ያገኙት ግን 2.7 በመቶ ነው። በብዙ ግዛቶችም የተወሰነ መቶኛ ያገኘ ፓርቲ ለቀጣዩ ምርጫ ፊርማ ሳያሰባስብ በድምፅ መስጫው ላይ ስሙን ያቆያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2024 የግል ተወዳዳሪ ሆኖ በቴክሳስ ለመቅረብ ከ113,000 በላይ የመራጮች ፊርማ ሲጠየቅ በቴነሲ ግን 275 ይበቃ ነበር። ሃምሳ ግዛቶች ሃምሳ ዓይነት ደንብ ስላላቸው ትንሽ ፓርቲ አብዛኛውን ገንዘቡንና ጉልበቱን የሚጨርሰው ምርጫው ሳይጀመር ነው።

ለብዙ ዓመታት የቴሌቪዥን ክርክሮችን ያዘጋጅ የነበረው ኮሚሽንም ከ2000 ጀምሮ በሕዝብ አስተያየት መጠይቆች 15 በመቶ ድጋፍ ያላሳየ ዕጩ አያስገባም ነበር። ፔሮ በ1992 በመድረኩ ላይ ቆመው ከተከራከሩ ወዲህ የዚህ ዕድል ተካፋይ የሆነ ሌላ ሦስተኛ ዕጩ የለም። ሳይታወቁ ድጋፍ አይገኝም፣ ድጋፍ ሳይኖር መታወቂያው መድረክ አይፈቀድም፤ ይህ ለማንኛውም አዲስ ሐሳብ ፍትሐዊ ያልሆነ አጥር ነው።

የምኖርበት ግዛት ለውጥ ያመጣል?

እጅግ ብዙ። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር መራጭና በአትላንታ ዙሪያ ወይም በላስ ቬጋስ የሚኖር ዘመዱ ለአንድ ሦስተኛ ዕጩ ድምፅ ቢሰጡ የሚያስከትሉት ነገር አንድ አይደለም። በ2020 በሜሪላንድ ጆ ባይደን ያሸነፉት በ33 መቶኛ ነጥብ ልዩነት ሲሆን፣ በጆርጂያ ልዩነቱ 11,779 ድምፅ ነበር። በዚያ ዓመት በጆርጂያ የሊበርታሪያኗ ጆ ጆርገንሰን ከ62,000 በላይ ድምፅ ስላገኙ ቅሬታው የተነሳው ከትራምፕ ደጋፊዎች ነበር። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው አካባቢዎች ዲሲ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ግዛት ውጤታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ሲሆን፣ ጆርጂያና ኔቫዳ ግን እስከ መጨረሻው ሰዓት የሚያስጨንቁ ናቸው።

በ2000 በወሳኝ ግዛት የሚኖር የኔደር ደጋፊ ለጎር፣ ውጤቷ በታወቀ ግዛት የሚኖር የጎር ደጋፊ በምትኩ ለኔደር ድምፅ እንዲሰጡ የሚያስተዋውቁ ድረ ገጾች ተከፍተው ነበር። የካሊፎርኒያ ባለሥልጣናት በክስ አስፈራርተው ቢያስቆሟቸውም፣ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2007 እንዲህ ያለው ስምምነት በመናገር ነፃነት የተጠበቀ ነው ሲል ወስኗል። ስምምነቱን የሚያስከብር አካል ግን የለም፤ የቆመው በመተማመን ላይ ብቻ ነው።

በ2024 የሚሺጋን አረብ አሜሪካውያን መራጮች ካማላ ሃሪስን አሸንፈዋቸዋል?

በዲትሮይት አጠገብ በምትገኘው በዲርቦርን ከተማ በጋዛ ጦርነት የተቆጡ መራጮች ከዴሞክራቶች ርቀው ትራምፕ ወደ 42፣ ሃሪስ ወደ 36፣ ስታይን ወደ 18 በመቶ አገኙ። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ በአንድ ከተማ ውጤት ላይም በግልጽ ታይቷል። በግዛቱ ደረጃ ግን ትራምፕ ያሸነፉት በ80,000 ገደማ ሲሆን ስታይን ያገኙት ወደ 45,000 ነው። ድምፃቸው አንድም ሳይቀር ለሃሪስ ቢሰጥ ሚሺጋን አይገለበጥም ነበር፤ ቢገለበጥም ትራምፕ ሌሎቹን ወሳኝ ግዛቶች አሸንፈው ስለነበር ፕሬዚዳንትነቱ አይቀየርም። ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው በጦርነት ያለቁባቸውን ሰዎች በማይቆም ስሌት መውቀስ ነውር ነው።

ችግሩን የሚያስቀር የምርጫ ዘዴ አለ?

አንዱ ሁለተኛ ዙር ማካሄድ ነው፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱ ቀዳሚዎች ብቻ ይወዳደራሉ። ኬንያን እናስታውስ። በ1992 ዳንኤል አራፕ ሞይ በ36 በመቶ ድምፅ በሥልጣን የቆዩት ኬኔት ማቲባ፣ ምዋይ ኪባኪና ኦጊንጋ ኦዲንጋ የተቀረውን ተቃዋሚ ድምፅ ተከፋፍለው ስለወሰዱ ነው፤ የምርጫው ሜዳም ለተቃዋሚዎች የተስተካከለ አልነበረም። በ2002 ተቃዋሚዎቹ በኪባኪ ዙሪያ ሲሰባሰቡ በ62 በመቶ አሸነፉ። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከግማሽ በላይ ድምፅና ከ47ቱ ካውንቲዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቢያንስ 25 በመቶ ማግኘትን ግዴታ አደረገ፤ ካልተገኘ ሁለተኛ ዙር ይደረጋል። ሁለተኛ ዙርም ቢሆን ፈውሱ ሙሉ አይደለም። በፈረንሳይ በ2002 በመጀመሪያው ዙር 16 ዕጩዎች ቀርበው የግራው ድምፅ ስለተበታተነ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮኔል ዦስፓን በ16.2 በመቶ ከቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለፔን አንሰው ወደ ሁለተኛው ዙር ሳያልፉ ቀሩ።

ሌላው ዘዴ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል መምረጥ ነው። መራጩ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ደረጃ ይሰጣል፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና የመራጮቹ ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዛወራል። ሜይን በ2020፣ አላስካ በ2024 ለፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ተጠቅመውበታል። አሠራሩን ከቅርብ ለማየት በነሐሴ 2022 በአላስካ ለተወካዮች ምክር ቤት የተደረገውን የማሟያ ምርጫ እንውሰድ። በመጀመሪያው ቆጠራ ዴሞክራቷ ሜሪ ፔልቶላ 40.2፣ ሪፐብሊካኖቹ ሣራ ፔሊን 31.3 እና ኒክ ቤጊች 28.5 በመቶ አገኙ። ቤጊች ሲወጡ ከመራጮቻቸው ግማሽ ያህሉ ወደ ፔሊን፣ ከሩብ የሚበልጡት ወደ ፔልቶላ ተዛወሩ፤ የቀሩት ሁለተኛ ምርጫ ስላልጻፉ ከቆጠራው ወጡ። ፔልቶላ በ51.5 በመቶ አሸነፉ። የድምፅ ወረቀቶቹ ሲመረመሩ ግን ቤጊች ከሁለቱ ከማናቸውም ጋር ለብቻቸው ቢገጥሙ ያሸንፉ እንደነበር ታወቀ። ዘዴው ትናንሽ ዕጩዎች ውጤት እንዳያዛቡ በደንብ ይከላከላል፤ ሦስቱም ሲጠነክሩ ግን ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ካለው አሠራር በብዙ ይሻላል ባይ ነኝ፤ መራጩ የልቡን ዕጩ አንደኛ ብሎ ለመጻፍ አይፈራምና። በኅዳር 2024 ግን ኔቫዳ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሪገንና አይዳሆ ተመሳሳይ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ አቅርበው ሳይጸድቅ ቀርቷል።

የወኪል መራጮችን ሥርዓት ትቶ በአገር አቀፍ ድምር መምረጥስ? የ2000ውን ዓይነት ተቃርኖ ያስቀራል፤ የድምፅ መከፋፈልን ግን ብቻውን አያስቀርም።

በኢትዮጵያ ምርጫ ይህ ችግር አለ?

በፕሬዚዳንቱ ምርጫ የለም፤ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ናቸው። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚደረገው ምርጫ ግን በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ስለሚያሸንፍ፣ የሚቀራረቡ ፓርቲዎች በአንድ የምርጫ ክልል ለየብቻ ሲቀርቡ ያው መከፋፈል ይከሰታል።

የመረጥኩት ዕጩ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ራሱን ቢያገልልስ?

ስሙ ሊቆይ ይችላል። ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በነሐሴ 2024 ዘመቻቸውን አቁመው ትራምፕን ከደገፉ በኋላ ስማቸው እንዲወጣ ቢጠይቁም በሚሺጋንና በዊስኮንሲን ድምፅ መስጫ ላይ ሳይነሳ ቀርቷል፤ ለእርሳቸው የተሰጠው ድምፅም በስማቸው ተቆጥሯል እንጂ ለደገፉት ዕጩ አልተዛወረም። አስቀድመው በፖስታ ወይም በቅድሚያ የምርጫ ጣቢያ ድምፅዎን ከሰጡ ደግሞ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሐሳብዎን መቀየር አይችሉም። ስለዚህ የአውራጃዎ ምርጫ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ የሚያወጣውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ናሙና ይመልከቱ፤ ሦስተኛ ዕጩ የሚመርጡ ከሆነም ወረቀቱን ከመላክዎ በፊት ዕጩው አሁንም በውድድሩ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።